የአባት ስም የሚጻፍበት መስመር

የቀትሩ ጫት ከኢትዮጵያ ገብቷል። ሃያብለ ላይ ይህ ማለት መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ይናወጣል። ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ልጅ ይሮጣል፣ ሴቶቹ ሻጮች እርጥብ ጆንያቸውን ገለጥ አድርገው ለደንበኛ ያስቀመጡትን እስር ያወጣሉ። ከዚያ ቆርቆሮው ሲግል ወንዱ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ሰፈሩ ጭር ይላል።

የማነጋግራቸው እናት ጫት አይቅሙም። ወተት የበዛበት፣ ሄል የገባበት ሻይ ነው የያዙት። አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው፣ ፈጣንና ማዕረግ የማያውቅ። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር ከት ብለው ሳቁ። «ድሬ ተወልጄ እርስዎ ትለኛለህ? አንቺ በለኝ እንጂ!» ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸውን ሴት አንቺ ለማለት አንደበቴ እሺ አላለኝም። «እማማ» ብዬ ሸሸሁ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም።

አባታቸው ኢሳ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው አፋር ናቸው። «ያኔም ቢሆን ሁለቱም ወገን ደስ አላለውም፤ ግን ባቡሩ ሰዉን አንድ ላይ ይጥለዋል፣ ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ። እማማ በ1967 አግብተው (የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደዚያው) ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ከተማዋ በሽቦ ታጥራ ጠበቀቻቸው። የእናታቸው ወንድም ከሽቦው ውስጥ ነበሩ፤ ወደብ ላይ ይሠሩ ነበር፣ ወረቀትም ነበራቸው። እሳቸው ግን ወረቀት የላቸውም፤ የተወለዱት ድሬዳዋ፣ የሚጠሩት በኢሳ ስም።

«አብቲዬ፣ አጎቴ፣ በሩ ድረስ መጥቶ ያየኝ ነበር። ግማሽ ደሜ የእሱ ነው። የሚጻፈው ግን የአባቴ ስም ነው።»

ያ ሽቦ ፈረንሳዮቹ «ባራዥ» የሚሉት ነው። ነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ሕዝቡ የነፃነት መፈክር ይዞ ወጣ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። ፓሪስ ለግዛቱ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚደረግ አስታወቀች፤ በዚያው ሰሞን ከተማዋን ከበረሃው የሚቆርጥ አጥር መሥራት ተጀመረ። ርዝመቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እሾሃማ ሽቦ፣ የመጠበቂያ ማማ፣ የተቀበረ ፈንጂ ነበረው፤ ወታደር ይጠብቀዋል። በሌሊት ሊሾልኩ ሲሉ እዚያው የቀሩ አሉ። መጋቢት 19 ቀን 1967 ድምፅ ተሰጠ፤ ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ ያለው 60 ከመቶ ገደማ ሆኖ ተቆጠረ። ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ማን መራጭ ነው፣ ማን መጤ ነው የሚለው ተበጥሮ ስለነበር፣ ውጤቱ የወጣው ገና መዝገቡ ሲዘጋ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከድምፁ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሊዎች ከከተማዋ ተባረሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» የሚለው ስም ተሰርዞ ግዛቱ «የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት» ተባለ።

የአገሩ ስም እንዲህ ለሁለት ሲከፈል ከሁለቱም የተወለደ ሰው የት ይግባ? የመናዊው ነጋዴ፣ ከሐረር የወረደው፣ ከሐበሻ እናት የተወለደውስ? ስሙ ለእነሱ ቦታ አልተወም። ሽቦው ያስቀራቸው ሰዎች ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ድንጋያማው ሜዳ ላይ ጣውላና ጣሳ አገጣጥመው ሰፈሩ፤ ባልባላ የተባለው ሰፊ መንደር እንዲያ በቀለ። ሃያብለ ዛሬ የዚሁ የባልባላ አካል ነው።

የአማርኛ አንባቢ የእናትየውን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እኛ ቤተሰብ የሚጋራው ስም የለንም። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ከዚያ የአባቱ ይከተላል። ቀበሌ ብትሄድ፣ ትምህርት ቤት ብትመዘገብ፣ ሠርግ ላይ ከሽማግሌ አጠገብ ብትቀመጥ «የማን ልጅ ነህ?» ትባላለህ፤ መልሱም የአባት ስም ነው። ሶማሊውም አፋሩም ዘሩን የሚቆጥረው በአባት ነው። በዚህ ምድር ላይ ቅኝ ገዥ ሰውን ከሰው ለመለየት ሲነሳ እጁ የሚያርፈው እዚያው የአባት ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ነው። ጅቡቲ ላይ ያረፈው በጎሳ ደረጃ ነው። ከባቡር መንገዱ ሌላኛው ጫፍ፣ በኢትዮጵያ፣ ግን በእያንዳንዱ ሕፃን ላይ አርፏል፤ ያንን የጻፈችው ደግሞ ጣልያን ናት።

ግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ መርከብ ተሳፈሩ። ከቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም፣ የጣልያኑ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሙሶሊኒ ለጦር አዛዦቹ ለባዶሊዮና ለግራዚያኒ ቴሌግራም ላከ። አገሩ ገና አልጸናም፣ አርበኛው ገና ጫካ ነው፤ ቴሌግራሙ የሚያወራው ግን ስለ ክልስ ልጆች ነው። አደጋው ከጅምሩ እንዲገታ ማንም ጣልያናዊ፣ ወታደርም ይሁን ሲቪል፣ ሚስቱን ሳያመጣ ከስድስት ወር በላይ በዚያ አገር እንዳይቆይ ያዛል። ከጥቂት ወራት በፊት ወታደሩ «ፋቼታ ኔራ»ን እየዘፈነ፣ ጥቁሯን ቆንጆ ነፃ አወጣሻለሁ እያለ ነበር የዘመተው። አገዛዙ በኋላ በዚያ ዘፈን ማፈር ጀመረ።

ሚያዝያ 1937 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 880 ከአገሬው ሴት ጋር የባልና ሚስት ዓይነት ኑሮ የሚኖር ጣልያናዊን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስር ይቀጣል። ሴቲቱ አትቀጣም። የዘር ክብሩን አቃለለ የሚባለው እሱ ነው፤ እሷ በሕጉ ዓይን የሚቃለል ክብር አልነበራትም።

የፍርድ ቤቶቹ ሥራ ለጉድ ነው። ወንድ ወደ ሴተኛ አዳሪ መሄዱ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ዳኛው ማጣራት ያለበት ግንኙነት መኖሩን ሳይሆን ፍቅር መኖሩን ነው። አብረው በሉ? አንድ አልጋ ላይ አደሩ? ስጦታ ሰጣት? ስትታመም አስታመማት? ቀናባት? ለሴት የተደረገ ደግነት ሁሉ በአቃቤ ሕግ እጅ ማስረጃ ሆነ። የሚደበድባትና በገንዘብ የሚያሰናብታት ነፃ ይወጣል፤ የወደዳት ይታሰራል። ስለዚያ ዘመን ካነበብኩት ሁሉ አእምሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው፤ የመርዝ ጋዙን እንኳ ሰው በጦርነት አስቦ ይረዳዋል።

ከተማውም በዚያው ልክ ተከፈለ። አዲስ አበባ ላይ የአገሬው ገበያ ከመሃል ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሆነ፤ ለጣልያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ተሠራ፣ ካዛ ኢንቺስ ተባለ፤ እኛ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ነው። ፖፖላሬ የሚባለው ሰፈርም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። አርክቴክቶቹ በካርታ ላይ ነጩንና ጥቁሩን በሸለቆና በአረንጓዴ መስመር ለያዩ፤ ማታ ማታ ግን ሰው መስመሩን ይሻገር ነበር።

ልጅ ተወለደ። ቀድሞ በኤርትራ አንዳንድ አባቶች ልጃቸውን በሕግ ያውቁ ነበር፤ በ1933 የወጣው የቅኝ ግዛቱ ሕግም አባቱ ላላወቀው ክልስ መልኩና አስተዳደጉ ታይቶ የጣልያን ዜግነት ማግኛ ቀዳዳ ትቶለት ነበር። የ1936ቱ ሕግ ቀዳዳውን ዘጋው። ግንቦት 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ ቁጥር 822 ደግሞ በሩን ነቅሎ በቦታው ግንብ ገነባ። ጣልያን ወደ ዓለም ጦርነቱ ልትገባ አንድ ወር እንኳ ሳይቀራት፣ የሮማ መንግሥት ስለ ሕፃናት አንቀጽ ይቆጥር ነበር። ክልስ የሆነ ልጅ የአገሬውን ወላጅ ደረጃ ይይዛል። ዜጋው አባት ልጁን ሊያውቀው አይችልም። የአባቱ የቤተሰብ ስም ሊሰጠው አይችልም። ማሳደጊያውም ማስተማሪያውም በአገሬው ወላጅ፣ ማለትም በእናቲቱ፣ ጫንቃ ላይ ብቻ ነው። ለክልሶች የተለየ ትምህርት ቤት፣ አዳሪ ቤትም ሆነ ማሳደጊያ አይፈቀድም፤ የሃይማኖት ድርጅት ቢሆንም እንኳ።

በደጋው ኤርትራ ልማድ እናት «የዚህ ልጅ አባት እገሌ ነው» ብላ ከማለች ቃሏ ይጸናል፣ አባትየውም ግዴታ ይወድቅበታል። የታሪክ ተመራማሪዋ ጁሊያ ባሬራ እንዳሳየችው ከጣልያናዊ የወለዱ እናቶች ልጃቸውን እንደ ጣልያን የቆጠሩት አገሬው ዘርን በአባት ስለሚቆጥር ነው። ጣልያናዊው ትቷቸው ሲሄድ ያፈረሰው የፈረንጅ ሕግ አልነበረም፤ የፈረንጅ ሕግ ከእሱ ጎን ነበር። ያፈረሰው እዚያው መንደር ውስጥ ያለውን መሐላ ነው። ልጁም በሁለቱም ሚዛን ጎደለ። ለሮማ የእናቱ ነው። ለእናቱ መንደር የአባቱ ነው፤ አባቱ ደግሞ የለም።

እንግዲህ ሁለተኛው ስም ላይ ምን ይጻፍ? ብዙ ጊዜ የእናቲቱ አባት ስም ተጻፈ። አያት አባት ሆኑ። ሌላው የጣልያን ስም ይዞ ቀረ፤ ክርስትና ያነሣው ቄስ ወይም መነኩሲት ባወጣለት ስም ተጠራ። ሠፈር ውስጥ «ክልስ» ከተባለ ደህና ቀን ነው፤ ጠብ ሲነሳ ግን «የጣልያን ዲቃላ» የሚለው ስድብ ይወጣል፤ ያ ስድብ ልጁንም እናቱንም ባንድ ምት ይመታል። ወንዱ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ገባ፣ ሞተር መጠገን ተማረ፤ የእናቲቱ ኑሮ ግን በጠላ፣ በአረቄ፣ በሰው ቤት ምግብ ማብሰል ላይ የቆመ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ክልስነት ኢትዮጵያ ውስጥ በጣልያን አልተጀመረም። በአፄ ቴዎድሮስ ቤት የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት ሴት ልጅ ወለደ፤ ያቺ ልጅ ለቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጥ የነበረውን ፖላንዳዊውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። ከልጆቻቸው አንዱ ዳቪድ ሆል በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ሆነ፤ ሌላዋ ልጅ ማግዳሌና የእንግሊዙ ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ስለ እነሱ መሳቂያም መመኪያም ተብሎ ይሆናል፣ ግን ማንም ሕግ አላወጣም። ልጅ ከሁለት ዓለም ሲወለድ ችግር የሚሆነው አንዱ ዓለም ሌላውን ለመግዛት ሲነሳ ነው።

ከሶማሊያም አንድ ልጅ ላንሳ። ጆርጆ ማሪንኮላ በ1923 ከጣልያናዊው ጁሴፔና ከሶማሊዋ አሽኪሮ ሐሰን ተወለደ። አባቱ አወቀው፤ ወደ ጣልያን ወሰደው። እሱ የካላብሪያ ልጅ ሆኖ አደገ፣ ሮማ ሕክምና ተማረ፣ ከዚያም ፋሺስትንና ናዚን ከሚዋጉት ፓርቲዛኖች ተቀላቀለ። ግንቦት 4 ቀን 1945 ሰሜን ጣልያን ስትራሜንቲዞ ላይ ጀርመኖች ገደሉት። በ2020 የሮማ ከተማ ምክር ቤት በአምባ አራዳም ስም ሊጠራ የታሰበው የሜትሮ ጣቢያ በማሪንኮላ ስም እንዲሆን ድምፅ ሰጥቶ ነበር። አምባ አራዳም የራስ ሙሉጌታ ጦር በ1928 ዓ.ም የተመታበት ተራራ ነው። የሮማ መንግሥት ልጅነቱን ሊክድ ሕግ ያወጣበትን ዓይነት ሰው፣ ያው ከተማ በጦር ድሉ ቦታ ሊተካው ማሰቡ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ያስገርመኛል።

ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም ሲመለሱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ስላወጁ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀሩ ጣልያኖች ብዙ ናቸው። ጥቂቱ ቤተሰቡን ይዞ ጸና። አዲስ አበባ በ1965 የተወለደችው ደራሲና አርቲስት ጋብርዬላ ገርማንዲ ከጣልያናዊ አባትና ራሷ ክልስ ከሆነች እናት ነው የመጣችው፤ በ2007 ያወጣችው ልብ ወለድ ስለ አርበኞቹ የሚተርክ ነው። ሌላውስ? ሌላው ጉዳዩን ሲያወሳ እንኳ አያፍርም። ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በ1969 በጣልያን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ በዘመቻው ጊዜ ከአባቷ ስለገዛት የ12 ዓመት ልጅ ያለ ኀፍረት ተናገረ። አስመራ ተወልዳ ያደገችው ኤልቪራ ባኖቲ ከታዳሚው መካከል ተነስታ በአውሮፓ እንዲህ ያለው ነገር አስገድዶ መድፈር እንደሚባል ነገረችው፤ እሱ ግን አፍሪካ ውስጥ ልማዱ ሌላ ነው አለ። ሚላኖ ላይ የቆመለትን ሐውልት ሰኔ 2020 ወጣቶች ቀይ ቀለም ደፉበት።

የፈረንሳይ መንገድ ሌላ ነው፤ እሷ አትክድም፣ ትመርጣለች። በ1928 በኢንዶቺና የወጣው ድንጋጌ አባቱ ያልታወቀ ልጅ «ከፈረንሳይ ዘር የሚገመት» ከሆነ ዜጋ እንዲባል ፈቀደ፤ ዳኛው ስሙን፣ ያገኘውን ትምህርትና አስተዳደጉን ይመለከታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በምዕራብ አፍሪካም ተመሳሳይ መጣ። ደግነት ይመስላል። ግን ልጁ ዜግነት የሚያገኘው ከእናቱ ርቆ ካደገ ነው፤ ከእሷ ጋር ካደገ ባሕሏ ማስረጃ ሆኖ ይመሰክርበታል። ጅቡቲ ላይ ደግሞ በ1963 የወጣ ሕግ በግዛቱ ውስጥ መወለድ ብቻውን ዜጋ እንዳያደርግ አደረገ። በ1976፣ ነፃነት ሊመጣ ዓመት ሲቀረው፣ ፓሪስ ደንቡን ለቀቅ አደረገችው። ሰኔ 27 ቀን 1977 ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የአዲሱ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ባራዡ ገና ቆሞ ነበር።

ስለ ክልስ ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት የሄዱት ግን ከኮንጎ የመጡ ናቸው። ቤልጅየም በኮንጎ፣ በሩዋንዳና በቡሩንዲ የክልስ ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ነጥላ ወደ ሚሲዮን ቤት ትልክ ነበር። ሚያዝያ 2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሻርል ሚሼል በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አምስት ሴቶች ብራስልስ ላይ የጀመሩትን ክስ ተረቱ፤ ይግባኝ አሉ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2024 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕፃናቱን በዘራቸው ምክንያት መንጠቅ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሎ ፈረደ፤ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዩሮ እንዲከፈላቸው አዘዘ።

ሴቶቹ ለዚያ የደረሱት መንግሥቱ ራሱ ስለ እነሱ የጻፈው ወረቀት ስለነበረ ነው፤ ሲነጠቁ ተመዝግበዋል። የእኛ አካባቢ ነገር ግን ከዚያ ይለያል። ጣልያን ሕጉን በ1947 ሻረችው። የልጅ ልጅ ዛሬ የጣልያን ዜግነት ልጠይቅ ብሎ ቢነሳ የሚጠየቀው አባት ልጁን ማወቁን የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ ከ1940 እስከ 1947 ድረስ ግን ያንን ሰነድ መፈረም በሕግ የተከለከለ ነበር።